የበቆሎው ዋጋ የወደቀበት ዓመት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በዱርቤቴና በዳንግላ አልፎ ቡሬ የሚገባው መንገድ የበቆሎ አገር መንገድ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአገሪቱ ትርፍ አምራች አካባቢዎች አዝመራው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ገዢ ግን ጠፋ። የበቆሎ ዋጋ እስከ 80 በመቶ ወደቀ። የጉልበትና የማጓጓዣ ወጪውን እንኳ ስላልሸፈነ 300 ሺህ ቶን ያህል እህል እርሻ ላይ ቀረ። በዓመቱ ዝናቡ ሲቀር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

ይህን ጉድ በየመድረኩ ለዓለም የተናገሩት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በኋላ በስታንፎርድ ለዶክትሬታቸው ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ነው፤ ያተኮሩትም ደላላው ላይ ነበር። ደላላን መዝባሪ ማለት በለመደ አገር፣ እሳቸው ሌላ ነገር አዩ። ነጋዴው ያላየውን እህል ከማያውቀው ሰው ሲገዛ የሚተማመነው በደላላው ነው፤ ሕግም፣ ሚዛንም፣ ዋስም የሆነለት እሱ ነው። ለእኔ ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ግኝት ነው፤ መድኃኒቱ የወጣው ከእሱ ነውና።

መድኃኒቱ እሳቸው የመሠረቱትና ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። እህሉ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ባለው አዳራሽ ገዢና ሻጭ እየጮኹ ይደራደሩ፣ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። ሻጩ ገንዘቡን በማግሥቱ ባንክ ያገኝ ነበር። ዋጋው በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ ይነገር ነበር። ቡሬም መጋዘን ካገኙ ከተሞች አንዷ ነበረች። በ2001 ዓ.ም. የአሜሪካው ፒ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ስለ እሳቸውና ስለ ገበያው ዘጋቢ ፊልም አሳየ። ዶክተር እሌኒ ገበያ የሚሉትን ነገር ለተራው ተመልካች የማስረዳት ተሰጥኦ ነበራቸው።

ነገር ግን በበቆሎና በስንዴ የተከፈተው ገበያ ብዙም ሳይቆይ የቡናና የሰሊጥ ሆነ። በዚያው በ2001 ዓ.ም. ቡና ሲገባ አዳራሹ ደመቀ፤ የእህሉ ግብይት ግን መነመነ። የቡናውም ጉዳይ ያለ ቅሬታ አላለፈም፤ ልዩ ጣዕም ፈላጊ ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ ማወቅ አቃተን ብለው ጮኹ። መሥራቿ አራት ዓመት ያህል መርተው ሲለቁ የበቆሎው ጥያቄ መልስ አላገኘም ነበር። ድካማቸውን አላናንቅም፤ ከጎጃም ገበሬ አንጻር ሲመዘን ግን ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነው።

ዛሬ ደግሞ የገበያ ወሬው ሁሉ የአክሲዮን ነው። በ1957 ዓ.ም. በብሔራዊ ባንክ አማካይነት ተጀምሮ በአብዮቱ የተቋረጠው የአክሲዮን ግብይት፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በኩል ተመለሰ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ቴሌቪዥኖቻችን ስለ ባንክ አክሲዮን ማውራታቸው መልካም ነው። የመራዊና የቡሬ የበቆሎ ዋጋም በየምሽቱ ዜና ይነገር፤ ምርት ገበያውም ወደተነሣበት እህል ይመለስ።