በከፍተኛ ተራሮችና በጥልቅ ሸለቆዎች የሚያልፍ የመኪና ጉዞን ማቀድ፦ ለተጓዦች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ በግል ወይም በኪራይ ተሽከርካሪ በአገራችን ከፍተኛ ተራሮች፣ ገደላማ መንገዶችና ከከተማ በራቁ ሸለቆዎች ለሚጓዙ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ቤተሰብ ለመጠየቅ፣ ክብረ በዓል ለማክበር፣ ለመንፈሳዊ ጉዞ ወይም ለጉብኝት የሚወጣ ማንኛውም ሰው ከመነሳቱ በፊት እንዲያነበው ይመከራል።

በተራራማ መንገድ ላይ ርቀትን ብቻ መሠረት አድርጎ የሚወጣ ዕቅድ ተጓዡን ያሳስታል። 40 ኪሎ ሜትር በሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በዓባይ በረሃ ግን ተመሳሳይ ርቀት ሙሉ ትዕግሥትና የተፈተሸ ፍሬን ይጠይቃል። ስለሆነም ከጉዞ በፊት ሦስት ነገሮች ተለይተው መታወቅ አለባቸው፦ በመንገዱ ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት፣ ረጅሙ ቁልቁለት የሚገኝበት ቦታ እና ወደዚያ ቁልቁለት የሚደረስበት ሰዓት።

1. መንገዱን በከፍታው ማወቅ

ለአብነት ያህል አራት መንገዶች ከዚህ በታች ተመልክተዋል።

ሀ) ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፦ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። መንገዱ በደብረ ብርሃን በኩል እየወጣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። በዚህ ስፍራ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው ዋሻ ይገኛል። ከዋሻው በኋላ መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። የሸዋ ሮቢት ከፍታ 1,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ ተሽከርካሪው ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት 1,700 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ ወደ ደሴ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ዳገት አለ።

ለ) ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን፦ መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ለትራፊክ ክፍት የሆነውን የሕዳሴ ድልድይ ከተሻገረ በኋላ መልሶ ይወጣል። የሸለቆው መሬት የተለያየ ባሕርይ ካላቸው የድንጋይ ዓይነቶች የተደራረበ ከመሆኑ የተነሣ በክረምት የመንሸራተት ጠባይ አለው። አስፋልቱ የተሰነጠቀበት፣ የሰመጠበት ወይም እንደ ማዕበል የተጣጠፈበት ቦታ ሊያጋጥም ስለሚችል በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል።

ሐ) ከደባርቅ ወደ ዛሪማ፦ ሊማሊሞ በመባል የሚታወቀው ይህ መንገድ ከሰሜን ተራሮች ጫፍ ተነስቶ በተከታታይ ኩርባዎች ወደ ቆላ ይወርዳል።

መ) ከጎባ ወደ ዶሎ መና፦ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሳነቴን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካቋረጠ በኋላ በሐረና ደን በኩል ወደ ቆላ ይወርዳል። ተጓዡ በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙቀት ይሻገራል።

2. የጉዞ ወቅትን መምረጥ

በሰሜንና በመካከለኛው አገር ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ጊዜ ናዳ፣ ጎርፍና ጭጋግ የሚበዛበት ነው። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ አስገዳጅ ጉዳይ ከሌለ ገደላማ መንገዶችን አለመምረጥ ይበጃል። በባሌ ደቡባዊ ተዳፋት ደግሞ የበልግ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥል በመሆኑ የሰሜኑን የዝናብ ጊዜ ብቻ በማሰብ ወደዚያ መጓዝ ስሕተት ነው።

መስከረም ላይ ዝናቡ ቢቀንስም ተዳፋቱ ውኃ እንደጠገበ ይቆያል። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል የሚጓዙ ምዕመናን ይህን ግምት ውስጥ ሊያስገቡ ይገባል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት መንገዱ ደረቅ ሲሆን፣ በከፍተኛ ቦታዎች ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በሸዋ ሮቢት ሙቀት ስስ ልብስ የለበሰ መንገደኛ በጣርማበር 10 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል።

3. ጉዞን በሰዓት ማቀድ

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል። ረጅም ቁልቁለትም ሆነ ጠመዝማዛ ዳገት በቀን ብርሃን መጠናቀቅ አለበት። ለዕቅድ ያህል ደህና በሆነ የአስፋልት መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ በገደላማ ክፍል ደግሞ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ይያዝ። በመንገድ ላይ እግረኞች፣ የቤት እንስሳትና የገበያ ቀን ሕዝብ ስለሚኖሩ ከዚህ የፈጠነ ስሌት አስተማማኝ አይደለም።

ለምሳሌ ማለዳ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተነሳ ተጓዥ ለምግብና ለዕረፍት ከሚቆምበት ጊዜ ጋር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ እደርሳለሁ ብሎ ማቀድ ይችላል። ይህም ላልታሰበ መዘግየት 2 ሰዓት ያተርፍለታል። ከዚህ ጋር የመወሰኛ ሰዓት አስቀድሞ መቀመጥ አለበት፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ኮምቦልቻ ካልደረሰ የደሴን ዳገት ለነገ ትቶ እዚያው ያድራል። የመወሰኛው ሰዓት መነሻ ላይ ከአሽከርካሪውና ከተሳፋሪዎች ጋር በስምምነት ሊያዝ ይገባል፤ ከደከሙና ከቸኮሉ በኋላ ትክክለኛ ውሳኔ መስጠት አስቸጋሪ ነው።

ተሽከርካሪ ተከራይተው በቡድን የሚጓዙ ዜጎች የአሽከርካሪውን ዕረፍት የውላቸው አካል ሊያደርጉት ይገባል። የአንድ ቀን የአልጋ ወጪ ለማዳን ሲባል አሽከርካሪው ሌሊቱን እንዲነዳ መጠየቅ የሁሉንም ሕይወት አሳልፎ መስጠት ነው። ከተፈቀደው በላይ ሰው ወይም ዕቃ መጫንም ፍሬኑ የሚሸከመውን ጫና በዚያው ልክ ይጨምራል።

4. ተሽከርካሪውን ማዘጋጀት

ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድሞ የሚከተሉት በባለሙያ ይፈተሹ።

• የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሙቀት ፈጥኖ ይፈላል፤ ያረጀ ከሆነ ይቀየር።
• የእጅ ፍሬን በዳገት ላይ ተሽከርካሪውን የሚይዝ መሆኑ።
• የጎማዎች ጥርስና የአየር መጠን፣ እንዲሁም የተቀያሪ ጎማው ሁኔታ።
• ራዲያተር፣ የሞተር ቀበቶ፣ ባትሪ፣ የዝናብ መጥረጊያና መብራቶች።

በመኪናው ውስጥ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ታኮ፣ አንጸባራቂ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ብርድ ልብስ፣ የመጠጥ ውኃና ቢያንስ ለአንድ ቀን የሚበቃ ስንቅ ይያዝ። መንጃ ፈቃድ፣ የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር፣ የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን የአገልግሎት ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑ ይረጋገጥ።

ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሆኑም በዳገት ላይ ሞተሩ ቢግል ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ ማስጨነቅ አይገባም። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከባድ ቃጠሎ ስለሚያስከትል ሳይቀዘቅዝ አይከፈት።

5. ቁልቁለት አወራረድ

ዳገት ተሽከርካሪን ያደክማል፤ ለሕይወት ይበልጥ አስጊ የሆነው ግን ቁልቁለት ነው። 2 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 100 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። አሽከርካሪው በፍሬን ብቻ ከተማመነ ይህ ሙቀት በአብዛኛው በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ያርፋል። የጋለ ሸራ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ፦

• ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆመው ፍሬንዎን ይፈትሹ፤ ወደ ከባድ ማርሽ ይቀይሩ። ሲወጡ የሚያስፈልገው ማርሽ በአብዛኛው ለመውረድም ተገቢው ማርሽ ነው።
• ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጠው አይያዙ። ፍጥነት ሲጨምር ጠበቅ አድርገው ቀንሰው፣ ከዚያ ይልቀቁት።
• ነዳጅ ለመቆጠብ በማሰብ ማርሹን ፎሌ አድርገው ወይም ሞተር አጥፍተው በፍጹም አይውረዱ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑ ረዳት ኃይልም ይቋረጣል።
• የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ወይም ፔዳሉ ከላላ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ታኮ ያድርጉና ፍሬኑ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ውኃ አይድፉበት።
• በጠባብ ቦታ ለሚወጣው ተሽከርካሪ ቅድሚያ ይስጡ፤ በኩርባ ላይ አይቅደሙ፤ ማየት በማይቻልበት መታጠፊያ ጥሩምባ ያሰሙ።
• በጭጋግ ጊዜ አጭር መብራት ይጠቀሙ። ረጅም መብራት ጭጋጉ ላይ ተንጸባርቆ ይበልጥ ያሳውራል። በጣርማበር ዋሻ ከመግባትዎ በፊት መብራት ያብሩ፤ በውስጡ አይቁሙ።

ፍሬን ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ወደ ከባድ በመቀየር፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ በመሳብና ተሽከርካሪውን ከገደሉ ይልቅ ወደ ተራራው በኩል በማስጠጋት ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል።

6. የተሳፋሪዎች ጤና

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ሊከሰት ይችላል። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት በኋላ ይታያሉ። ከቆላ አካባቢዎች የሚነሱ፣ እንዲሁም ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ከማይሉት የባሕረ ሰላጤው አገሮች በቅርቡ የመጡ ወገኖች ወደ ሳነቴ ከመውጣታቸው በፊት ዝቅ ባለ ቦታ ቢያንስ አንድ ሌሊት እንዲያድሩ ይመከራል። ሕመሙ ከተባባሰ፣ ተሳፋሪው ትንፋሽ ካጠረው ወይም መንገዳገድና መደናገር ከታየበት መፍትሔው ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናቶች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

በሸለቆ የሚያድሩ ተጓዦች ደግሞ የወባን ሥጋት ማሰብ አለባቸው። በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ሲሆን ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። አጎበር ይጠቀሙ፤ ከጉዞ በኋላ ትኩሳት ከተሰማዎት የነበሩበትን ቦታ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ።

7. ነዳጅ፣ ግንኙነትና የአካባቢ መረጃ

በሩቅ ሸለቆዎች ማደያ ላይኖር፣ ቢኖርም ነዳጅ ላይገኝ ይችላል። ጋኑ ከግማሽ ሳይወርድ በሚያገኙት ማደያ ይሙሉ። የስልክ ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብርም ሆነ ሌላ የሞባይል ክፍያ ስለማይሠራ ኔትወርክ ባለበት ከተማ ክፍያዎን ይፈጽሙ፤ ለምግብና ለአልጋ የሚሆን ጥሬ ገንዘብም ይያዙ። ቤንዚን በፕላስቲክ ዕቃ በተሳፋሪዎች መካከል መያዝ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ከመነሳትዎ በፊት የሚጓዙበትን መንገድ፣ የሚያድሩበትን ከተማና የሚደርሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ይንገሩ። ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ሁኔታ በየማደሪያዎ ከትራፊክ ፖሊስ ወይም ከወረዳው አስተዳደር በዕለቱ መረጃ ይጠይቁ፤ በዚያው ጠዋት ከፊት ለፊት የመጡ የሕዝብ ማመላለሻ አሽከርካሪዎችም ጥሩ የመረጃ ምንጭ ናቸው። መንገድ ተዘግቷል ከተባሉ በጎን አቋራጭ ለማለፍ አይሞክሩ። የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ የሚጎበኙ በደባርቅ፣ የባሌ ተራሮችን የሚጎበኙ በዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ያገኛሉ።

8. ናዳ ወይም አደጋ ሲያጋጥም

ናዳ ከወደቀበት ቦታ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ተሳፋሪዎችን ከተዳፋቱ ሥር ያርቁ። የመጀመሪያው ናዳ ቆመ ማለት አደጋው አበቃ ማለት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰውና ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ባጡበት አደጋ ከሟቾቹ መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተጎዱትን ለመርዳት የተሰበሰቡና ተከታዩ ናዳ የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። መርዳት የዜግነት ግዴታ ቢሆንም፣ ተዳፋቱን ከአስተማማኝ ቦታ ሆኖ የሚከታተልና ለሌሎች የሚያስጠነቅቅ ሰው ሳይመደብ ወደ ሥፍራው መግባት ተጨማሪ ሕይወት ያስከፍላል።

ጎርፍ የሚያቋርጠውን መንገድ ጥልቀቱን ሳያውቁ አይሻገሩ። ተሽከርካሪ ሲበላሽ በርቀት የሚታይ ምልክት ያስቀምጡ። ድንጋይ ከደረደሩ ሲነሱ ያንሱት፤ በመንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ሌሊት ለሚመጣው ተጓዥ የሞት ምክንያት ይሆናል። ለፖሊስ በ991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። ኔትወርክ ከሌለ በሚያልፍ ተሽከርካሪ ወደ ቅርቡ ከተማ መልእክት ይላኩ።

በመነሻው ዋዜማ ሊረጋገጡ የሚገባቸው

ሀ) በመንገዴ ላይ ረጅሙ ቁልቁለት የት ነው? በስንት ሰዓት እደርሳለሁ?
ለ) ፍሬኑ በባለሙያ ተፈትሿል?
ሐ) ከዘገየሁ የማድርበት ከተማና የመወሰኛው ሰዓት ተለይቷል?
መ) አሽከርካሪው በቂ እንቅልፍ አግኝቷል?
ሠ) የት እንዳለሁ የሚያውቅ የቤተሰብ አባል አለ?

ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ እንኳ ምላሽ ያላገኘ ከሆነ ጉዞውን በአንድ ቀን ማዘግየት ተገቢ ነው።

መልካም ጉዞ!