የጣና ዓሣ ቡሄ ሲደርስ የት ይሄዳል?

ደብረ ታቦር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ጋፋት ነው፤ ሴባስቶፖል ነው፤ ቡሄም አለ። ዓሣ ትዝ ያለው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! እኛም አላወጣንም። ዓሣ የባሕር ዳሮች ጉዳይ ነው ብለን ነው ያደግነው።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ይነሱና ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በነሐሴ፣ ቡሄ በሚጨፈርበት ሰሞን ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ብዙዎቹ የጣና ባርበስ ዓሦች ከሐይቁ ወጥተው ሽቅብ ይጓዛሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠራማና ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። እንግዲህ የጣና ዓሣ ታሪክ ግማሹ የደቡብ ጎንደር ደጋ ታሪክ ነው ማለት ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። ለዘመናት በጣና ዓሣ በማጥመድ የሚታወቁት ወይጦዎች ነበሩ፤ መሣሪያቸውም ከደንገል የተሠራ ታንኳ። በታንኳ የሚያጠምድ ሰው ከዳር ብዙም አይርቅም፤ ሐይቁ ደግሞ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። መሐሉ ያለ አዋጅ ተጠብቆ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ1986፣ ከታላቁ ረሃብ ማግስት፣ በሆላንዶች እርዳታ የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ለሐይቁ ዳር ሰው ሥራ፣ ለከተሜው ምግብ። ችግሩ፣ ጀልባውና መረቡ ሲገቡ የሚያስተዳድራቸው ሕግ አብሮ አለመግባቱ ነው።

በ1990ዎቹ የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣና 15 ትላልቅ የባርበስ ዝርያዎችን ለዩ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለለያቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጣና ሌላ አገር የላቸውም። ግን እ.ኤ.አ. የ1991 እና የ2001 ምርት ሲነጻጸር፣ የባርበሱ መጠን በሦስት አራተኛ ቀንሶ ተገኘ!

ምን ሆነ? ዓሣው ለመራባት ሲሰበሰብ መረቡ የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። የሚያዘው እንቁላል የያዘች እናት ናት። ያመለጠችውም ሽቅብ ስትወጣ ውሃው ላይ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ይበተንባታል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከሞተር ጀልባው 17 ዓመት ዘግይቶ። ክልሉም የራሱን አዋጅ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉ ይሆናል። እኛ ግን ጅቡ ገና አልሄደም ባዮች ነን።

ጅቡ ጨርሶ የሄደበትን አገር ማየት ለሚፈልግ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና የራሱ የሆኑ የዓሣ ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ልቅ ማስገር ተባብረው ፈጇቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ 15ቱ ጠፍተዋል ብሎ መዘገባቸው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ርብ ላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ለፎገራ ገበሬ በረከት ነው፤ ሽቅብ ለሚጓዝ ዓሣ ግን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጉማራ ይበልጥ ውድ ሆኗል።

አጥማጁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ የወንዞቹ አፍ ይዘጋ ስንል፣ በነዚያ ወራት ልጆቹ ምን ይብሉ የሚለውንም አብረን መመለስ አለብን። የዓሣ ዕቅድ ሲወጣም የፋርጣና የደራ ሰው ይጠራ፤ ጉና ላይ የታረሰው ተዳፋት አፈር ወርዶ ያንን ጠጠር ይደፍነዋልና።

በሚቀጥለው ቡሄ ጅራፍ ሲጮህ፣ ከታች ሽቅብ የሚመጣ እንግዳ እንዳለ አንርሳ።

ቸር ያሰንብተን!