ከሎህ እስከ ላፕቶፕ፦ በየቡ መንገድ የጽሕፈት ዕቃ ታሪክ

የቡ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የማና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ቡና ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ መጀመሪያ ሚዛኑ አጠገብ፣ ቀጥሎ ቢሮ ውስጥ። ለሥራና ለጉዞ ላፕቶፕ ሊገዛ የተነሳ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ወይም የግብርና ባለሙያ «ትልቁን ልያዝ ወይስ ትንሹን?» ብሎ ሲያስብ የሚወዛገቡት እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው። ጥያቄው ደግሞ ኮምፒዩተር ከመታወቁ በፊት የነበረ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ በጅማ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የደቡብ ምዕራብ ንግድ መገናኛ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ይመጣል፤ ሰዎችም ለባርነት ይሸጡበት ነበር። ወደዚያ ገበያ የተመላለሱት ነጋዴዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር የቁርኣን ትምህርትም አብሮ ተስፋፋ። የቁርኣን ተማሪ ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋል፣ ያነባል፣ ሲሸመድደው አጥቦ እንደገና ይጽፍበታል። ሰሌዳው የሚይዘው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ግን በብብት ሥር ተይዞ የትም ይሄዳል። በሰሜኑ የክርስቲያን አገርም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር፤ ትልቁ የብራና መጽሐፍ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም፣ ትንሹ ዳዊት በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከባለቤቱ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል።

እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ኢጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ከነጻነት በኋላ የመንግሥት ቢሮና የቡና ንግድ ሲበዛ ታይፕራይተር የቢሮ ዕቃ ሆነ። የአማርኛውን መኪና በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ችግሩ የቦታ ነበር። ከሁለት መቶ በላይ ሆሄያት በአርባ ጥቂት ቁልፎች ላይ ስለማይሰፍሩ ፊደሉ በቁርጥራጭ ይሠራል፤ ጸሐፊዋ ዋናውን ቅርጽ ትመታና ቅጥያውን ደግሞ ትጨምርበታለች። ለብዙው ሆሄ ሁለት ምት ማለት ነው። የእነዚያ ታይፒስቶች ጣት የተሸከመው ድካም በቅጡ የተጻፈለት አይመስልም።

መኪናውም ሁለት ዓይነት ነበር። እንደ ኦሊቬቲ ሌክሲኮን 80 ያለው የቢሮ መኪና ሰፊ ወረቀት ያስገባል፣ ብዙ ቅጂ ይመታል፣ ግን ከጠረጴዛው አይነቃነቅም። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ሌቴራ 22 ግን 3.7 ኪሎ ብቻ ስለነበር መያዣው ውስጥ ገብቶ በእጅ ይንጠለጠላል። በአገራችን ከተሞች የፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች እንጀራቸው የተመሠረተው ጠዋት ወጥቶ ማታ በሚገባ መኪና ላይ ነበር።

ከዚያ ፊደሉ ራሱ ተለወጠ። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ቋንቋውም የቡ የምትገኝበት የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲሆን በክልሉ ቢሮዎች የአማርኛው መኪና ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። ለቁቤ ማንኛውም የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ይበቃል። ለአማርኛ ግን ገና ብዙ ይቀር ነበር፤ እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አሠራር ስለሚከተሉ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ይህ መቃለል የጀመረው 345 የኢትዮጵያ ፊደል ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተቋቋመ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲም ተመሠረተ። ገበሬው ቡናውን በዩኒየኑ በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ሲጀምር የሚጻፈውም በዛ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በውጭው ዓለም ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ሲጀመር ያው የትልቅና የትንሽ ክርክር አብሮት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኦስቦርን 1 ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ፣ ስክሪኑ 5 ኢንች ነበር፤ ባትሪ ስላልነበረው ከሶኬት መራቅ አይችልም። በተከታዩ ዓመት ገበያ ላይ የዋለው ኤፕሰን ኤችኤክስ 20 ደግሞ 1.6 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ በባትሪ ይሠራል፣ ትንሽ ማተሚያም አብራው ተሠርታለች። ስክሪኑ ግን 4 መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው። በባትሪ እየሠራ ወረቀት የሚያትም መሣሪያ ቢደርሰው ኖሮ ከማንም በላይ የሚደሰተው የቡና መረከቢያ ጸሐፊ ይመስላል።

ለምን ቢባል፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በማና ወረዳ የእሸት ቡና መረከቢያ ላይ የሚሆነውን ማየት ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ቀን ሲለቅም ይውልና አመሻሹ ላይ ጆንያውን ተሸክሞ ይመጣል። ቡናው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ጸሐፊው የገበሬውን ስም፣ ኪሎውንና ዋጋውን ይመዘግብና ደረሰኝ ይቆርጥለታል። ሰልፉ ከጨለመም በኋላ ይቀጥላል፣ መብራትም በመሐል ይጠፋል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው በጭቃማ ቦታ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ያለ መብራት ለሰዓታት የሚቆይ ዕቃ ነው፤ እስካሁንም ይህን ሥራ በአስተማማኝነት የያዘው የወረቀት መዝገብ ነው። በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ሥራው መልኩን ይለውጣል። የብዙ መቶ ገበሬዎች ስም በአንድ ሠንጠረዥ፣ ከስሙ ጎን የኪሎ፣ የዋጋ፣ የቅድሚያ ክፍያና የቀሪ ሒሳብ ዓምድ ይደረደራል። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለሚያስገባ ሰው በቀኝ በኩል ለብቻቸው የተደረደሩት የቁጥር ቁልፎች ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ በ15.6 ኢንቹ ላፕቶፕ ላይ በብዛት ይገኛሉ፣ በ14 ኢንቹ ላይ ግን በአብዛኛው ቦታ የላቸውም።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ወደዚያ የሚገባ ቡና ደን ተጨፍጭፎ ያልተመረተ መሆኑ የማሳው መገኛ ተጠቅሶ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል፤ የጅማ ዞን ገበሬዎች ማሳ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ነጥቡን ለመያዝ ሰው በእግሩ እስከ ቡናው ጥላ ድረስ ይሄዳል፣ የሚይዘውም ስልክ ወይም ታብሌት ነው። ካርታው ሲመረመርና የተደራረበው ሲለይ ግን ሰፊ ስክሪን የግድ ይላል።

እንግዲህ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው የትኛውን ይያዝ? ከቢሮው የማይወጣ ሒሳብ ሠራተኛ 15.6 ኢንቹን ቢወስድ ይጠቀማል፤ ሁለት ኪሎ ቢመዝንም ጉዳት የለውም። ዛሬ የቡ፣ ነገ አጋሮ፣ በሳምንቱ አዲስ አበባ የሚል ሰው ግን በሚኒባስ ተጨናንቆ ቦርሳውን ጭኑ ላይ የሚያስቀምጥ ነውና ከ1.5 ኪሎ የማይበልጥ፣ ባትሪው ጠንካራ የሆነ 14 ኢንች ይሻለዋል። የጎደለው የቁጥር ቁልፍ ለብቻው ተገዝቶ በዩኤስቢ ይሰካል፤ የጠበበው ስክሪን ቢሮ ሲደርስ ከትልቅ ሞኒተር ጋር ይገናኛል። ከባዱን ላፕቶፕ ግን በመንገድ ላይ የሚያቀልለት ነገር የለም። ለባለሙያዎቻቸው ኮምፒዩተር የሚገዙ ዩኒየኖችና የወረዳ ቢሮዎችም የግዢ ዝርዝር ሲያዘጋጁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከማዘዝ ይልቅ፣ መጀመሪያ ማን ቢሮ እንደሚውል፣ ማን ማሳ እንደሚወርድ ይጠይቁ።