ከጋይንት የወጣው የአምላክ ክርክር

በደቡብ ጎንደር ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ ስማቸው የሚነሣው በዜማ ነው። የድጓ ተማሪ ዕውቀቱን የሚያስመሰክርበት ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም ከዚያው አገር ነው፤ ቆማ የሚባለው የዜማ ስልት ደግሞ ስሙን የያዘው ከእስቴው ቆማ ፋሲለደስ ነው። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ተጓዥ በ1955 (ዘመኖቹ በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤተልሔም ደርሶ በሣር ክዳን ክብ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ የቆየውን የአክሱም አሠራር ያለው ቤተ ክርስቲያን ለውጭው ዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ደብሩ በሕንፃውም ይታወቃል። ከዚያ 100 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ከዚሁ ደብር ከዜማም ከሕንፃም የተለየ ነገር ወጥቷል። ፈጣሪ መኖሩን በምን እናውቃለን፣ የምንጸልየውስ የሚሰማ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የግእዝ መጽሐፍ ወደ ፓሪስ የተላከው ከቤተልሔም ነው። መጽሐፉ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው።

ላኪው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ነበር። በ1846 ከካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ከጉልዬልሞ ማሳያ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ቤተልሔም ተቀምጦ ግእዝና አማርኛ አጠና፤ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲም የብራና መጻሕፍት ይፈልግለት ነበር። ሐተታውንም ከእነዚህ መካከል በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላከለት። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1855 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት ካርቱም ላይ ሞተ። መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚናገረው ሌላ ታሪክ ነው። ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወልዶ፣ ዜማና ቅኔ ተምሮ፣ መጻሕፍት ሲያስተምር ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ። ጠላት ለንጉሡ ስለ ነገረበት ዳዊቱን ይዞ ሸሸና በዋሻ ተቀመጠ፤ ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ እንፍራንዝ ላይ ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ልጆች እያስተማረና መጻሕፍት እየጻፈ ኖረ። ሐተታውንም በ1660ዎቹ በተማሪው በወልደ ሕይወት ጥያቄ ጻፈው ይባላል።

እውነተኛው ጸሐፊ ማን ነው የሚለው ክርክር 100 ዓመት አልፎታል። የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ የነበረው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ጁስቶ ነው አለ፤ ኦይገን ሚትቮህ በ1934 ደገፈው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር በበርካታ ጥራዝ ተሟግቶ ለዘርዓ ያዕቆብ መለሰው፤ በ2013 ደግሞ አናይስ ቪዮን ጥርጣሬውን እንደገና አነሣችው። በእጃችን ያሉት ሁለቱ የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎች በጁስቶ በኩል ያለፉ መሆናቸው፣ ከእነሱ ውጪ ራሱን የቻለ ጥንታዊ ቅጂ አለመገኘቱ እኔን ወደ ጥርጣሬው ያዘነብለኛል። ሆኖም ይህ ሙግት ለሁለቱም ወገን መሸሻ ሆኗል ባይ ነኝ። አንዱ «የፈረንጅ ሥራ ነው» ብሎ ሳያነብ ይጥለዋል፤ ሌላው «ከአውሮፓ የቀደምንበት ፍልስፍናችን ነው» ብሎ ሳያነብ ይሰቅለዋል። የጸሐፊውን ማንነት ማወቅ ለታሪክ ግድ ነው፤ የአንድ ማስረጃ ጥንካሬ ግን በጸሐፊው የትውልድ አገር አይለካም። ጁስቶ ጽፎት ቢሆን እንኳ፣ ግእዙንና የዳዊቱን ንባብ ያገኘው ከጋይንት ደብተራዎች ነው፤ መጽሐፉም የተጻፈው የእነሱን ትምህርት ለሚያውቅ አንባቢ እንደሚስማማ ሆኖ ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ማስረጃ ከመገኘት ወደ አስገኚ የሚሄድ ነው። እኔ ራሴን አልፈጠርሁም፤ ወላጆቼም ራሳቸውን አልፈጠሩም፤ የወላጆቼን ወላጆች እያልን ብንወጣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ሳንደርስ ማቆሚያ አናገኝም ይላል። ቀጥሎም እኛ የምናስብና የምናውቅ ከሆንን ያስገኘን የማያውቅ ሊሆን አይችልም ይላል። ይህ መንገድ ከቶማስ አኩዊናስም ከኢብን ሲናም ዘንድ አለ፤ የሥነ ፍጥረት ትርጓሜ ለሚማር የኛ ተማሪም እንግዳ አይደለም። ተቃዋሚው የሚለው ግልጽ ነው፦ ያልተፈጠረ ነገር መኖር ካለበት ዓለም ራሱ ያልተፈጠረ ቢሆንስ? ዴቪድ ሂዩም በ1779 በወጣው መጽሐፉ ያነሣው ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ተቃውሞ የመጀመሪያውን እርምጃ አያፈርሰውም፤ አንድ ያልተገኘ ነገር መኖሩን ራሱ ተቀብሏልና። የሚያቆስለው ሁለተኛውን ነው። ያ ያልተገኘ ነገር ዐዋቂ ነው ለማለት የሐተታው ብቸኛ መንገድ የሰው አእምሮ ነው። የጁስቶ ቅጂ ፓሪስ ከደረሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1859፣ የዳርዊን መጽሐፍ ወጣና ውስብስብ ነገር ከውስብስብ ያልሆነ ቀስ በቀስ ሊገኝ እንደሚችል አሳየ። ስለ ሕያዋን አካል የተባለው ስለ ማሰብም ይሠራል ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ማስረጃው ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ያለ ተጨማሪ ድጋፍ አይቆምም።

ከባዱ ጥያቄ የመከራ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በዋሻው እየጸለየ ሳለ፣ የሰው ክፋት እንዲህ ሲበዛ ዝም የሚል አምላክ ይሰማል ወይ ብሎ ይጠራጠራል። መልሱ ሁለት ወገን አለው፤ ሰው መልካሙንም ክፉውንም እንዲመርጥ ነጻ ተደርጓል፤ በዚህ ዓለም ያልተፈጸመው ፍርድም ከሞት በኋላ ይፈጸማል። ለንጉሥ ግፍና ለነገረኛ ክፋት ይህ የሚያጠግብ መልስ ሊሆን ይችላል። ስማዳና ጋይንት ላይ ሲመጣ ግን ይደክማል። እዚህ አገር የሚገድለው ብዙ ጊዜ የዝናብ መጥፋት ነው፤ ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀውን ክፉ ቀን ያመጣው የከብት በሽታ፣ ድርቅና አንበጣ እንጂ የማንም ምርጫ አይደለም። በ2005 የጀመረው ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብርም እነዚህን ወረዳዎች በዝርዝሩ ያካተተው ዝናባቸው የማይታመን፣ መሬታቸው የተሸረሸረ ስለሆነ ነው። ሕዝቡ በእንዲህ ያለ ጊዜ ታቦት አውጥቶ ምሕላ ይይዛል፣ እግዚኦታ ያደርሳል፣ ስለ ኃጢአታችን ነው ይላል። ይህ መልስ ከሐተታው ይልቅ ችግሩን ፊት ለፊት ይጋፈጣል ማለት ይቻላል፤ ግን ድርቁ ጻድቁንና ኃጥኡን፣ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ሳይለይ ስለሚመታ እሱም ፍርድን አያስረዳም። ምሕላ የማስረጃ ጉዳይ አይደለም፣ የመጠጊያ ጉዳይ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያኔ ግን ስለ አምላክ መኖር የምንከራከርበት ነገር መሆኑ ይቀራል።

ለእኔ ከሁሉ የጠነከረው የሐተታው ክፍል ስለ ሃይማኖቶች ብዛት የሚለው ነው። ሁሉም የኔ ሃይማኖት ብቻ ልክ ነው ይላል፤ ፈረንጁም፣ እስላሙም፣ አይሁዱም፣ ግብጻዊውም እንዲሁ፤ ታዲያ በመካከላቸው ማን ይፈርዳል? ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ ጥያቄ አይመስልም። ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ካወጁ በኋላ ከጋይንት ማዶ ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ፤ በሰኔ 1632 ወይና ደጋ ላይ የአንድ አገር ሰዎች በእምነት ስም ተላልቀው ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ይህን ያየ ወይም ያነበበ ሰው ፍርዱን ለልቡና ሲሰጥ ምክንያቱ ይገባል። ልቡናም ከአስተማሪና ከልማድ የተቀረጸ ስለሆነ ገለልተኛ ዳኛ አይደለም የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ልቡና ተሳስቶ እንደነበር የምናውቀው ያው በልቡና ነው፤ በሌላ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ይግባኝ እስካሁን አልታየም።

እዚያ አገር ስለ አምላክ መኖር የተከራከረ የለም፣ ክርክሩ ሁሉ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነበር የሚል ይነሣ ይሆናል። የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ሙግት እስከ 1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ሊቃውንቱን መያዙ ሐቅ ነው። ሆኖም ለአንድ ንባብ በአንድምታ ሁለት ሦስት ፍቺ እየደረደረ የሚያመዛዝን ጉባኤ ለዚህም ጥያቄ የሚሆን መሣሪያ አለው። ሁለቱ ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ የታተመው ንባብ ግን በማንም እጅ ሊገባ ይችላል። የቤተልሔምና የቆማ መምህራን ደራሲው ማን እንደሆነ ሌሎች እስኪወስኑ ሳይጠብቁ፣ ንባቡን በጉባኤ አውጥተው የሚቀበሉትን ይቀበሉ፣ የሚረቱትን ይርቱ።