የአሰርሽን ጥንተ ነገር

ከምዕራቡ ደጋ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ የሚያበቅለው የቆቦ ሜዳ ገበሬ፣ ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ ክትሩንና ቦዩን እየዞረ ይመረምራል፤ ደራሽ ውሃ በመጣ ጊዜ ግን ጥበቃውን ይልቁን ያጠብቃል እንጂ አይተውም። የኮምፒዩተርን ጥበብ የመሠረቱ ሊቃውንትም እንዲህ ያለውን ምርመራ ከጥንት ቢያውቁትም፣ ሥራው እውነተኛ በሆነበት ሰዓት ይቀጥል ወይስ ይቁም በሚለው ነገር ግን ባለሙያዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

አሰርሽን ማለት ጸሐፊው በኮዱ መካከል «እዚህ ሲደረስ ይህ እውነት መሆን አለበት» ብሎ የሚያኖረው የማረጋገጫ ቃል ነው። በ1939 ዓ.ም. ጎልድስታይንና ፎን ኖይማን ለፕሮግራም ባወጡት ሥዕል ውስጥ ለዚሁ የተለየ ሣጥን ሰጡት፤ በ1941 ዓ.ም. ሰኔ 17 ቀንም አለን ቱሪንግ በካምብሪጅ ጉባኤ፣ መርማሪው የረጅሙን ፕሮግራም ሸክም ባንድ ጊዜ ከሚሸከም ይልቅ ጸሐፊው ራሱ ለየብቻ የሚፈተሹ ማረጋገጫዎችን ቢጽፍ የጠቅላላው ትክክለኛነት ከእነዚህ እንደሚገኝ፣ ያለ ማባዛት በመደመር ብቻ ፋክቶሪያልን በሚያሰላ ፕሮግራም ምሳሌነት አስረዳ። ይህችን አጭር ጽሑፍ እጅግ አከብራታለሁ፤ ምርመራን ከጸሐፊው ግዴታ ጋር አስተሳስራዋለችና። ኋላ ሮበርት ፍሎይድና በ1962 ዓ.ም. ቶኒ ሆር ለማረጋገጫ ቃል ሥርዓተ አመክንዮ አበጁለት።

በሲ ቋንቋ፣ ኮዱ ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ «ኤንዲበግ» የሚለው ስም ከተሰየመ ማረጋገጫው ፈጽሞ ይፋቃል፤ ለመመለስም እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ግድ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የጃቫ ቋንቋ 1.4 እትም ግን ሌላ መንገድ መረጠ። «አሰርት» የሚለውን ቃል ቀድሞ ለስም የተጠቀሙበት ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ፣ ኮምፓይለሩ አዲሱን ትርጉም የሚቀበለው ምንጩ የ1.4 መሆኑ በግልጽ ሲነገረው ብቻ ነበር። የተቀበለውንም ማረጋገጫ ሳይፍቅ በክላሱ (በፕሮግራሙ ክፍል) ፋይል ውስጥ ያኖረዋል፤ አንድ ስውር መለያም ይጨምራል። ክላሱ ሥራ ሲጀምር ማረጋገጫ ተፈቅዶለት እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ይጠይቅና መልሱን በዚያ መለያ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማረጋገጫ አስቀድሞ መለያውን ያነባል፤ ተፈቅዶ ሳለ ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ፕሮግራሙ ስሕተቱን ያውጃል። ፈቃዱም «ኢኤ» በተባለው ትእዛዝ፣ ለሁሉም ወይም ለአንድ ክላስ ብቻ ይሰጣል።

ማንም ካላዘዘ ግን ማረጋገጫው ዝግ ነው፤ ምክንያቱም የፍጥነት ነገር ነው። ስለዚህ ለፕሮግራሙ የሚያስፈልግ ሥራ በማረጋገጫ ቃል ውስጥ ፈጽሞ አይጻፍም፤ ሲዘጋ ሥራውም አብሮ ይቀራልና። ፍጥነትን አልንቅም፤ ይሁንና የሰው ገንዘብና ሕይወት በተያዘበት ሥራ፣ ማረጋገጫው ካልተፈቀደ ክላሱ ሥራ እንዳይጀምር የሚያግዱትን ጥቂት መስመሮች በመግቢያው መጻፍ ይገባል እላለሁ፤ ቋንቋውም ይህን አይከለክልም።