ወሰኑ ጠፋ እንጂ መሬቱ አልጠፋም

እ.ኤ.አ. በ1991 መገባደጃ ላይ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሞደም ስልክ ደውሎ ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ጋር ሊገናኝ ፈለገ። የመደወያውን ትዕዛዝ ግን ወደ ሞደሙ በመላክ ፈንታ በስህተት ወደ ሀርድ ዲስኩ ላከው። ዲስክ ደግሞ የመጣለትን ይጽፋል እንጂ «ይሄ እኮ የስልክ ቁጥር ነው» ብሎ አይመልስም። ሚኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የነበረበት ፓርቲሽን ተበላሸ። ሊነስም ሚኒክስን እንደገና መጫኑን ትቶ፣ ራሱ እየሠራው ወደነበረው ሊኑክስ ጠቅልሎ ገባ።

ዛሬም ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስን ጎን ለጎን ስንጭን አንዲት የተሳሳተች ምርጫ ተመሳሳይ ጣጣ ታመጣለች። ግን ፓርቲሽን ጠፋ ሲባል የሚጠፋው ምንድን ነው?

መልሱ ያለው 1983 ላይ ነው። በዚያ ዓመት አይ.ቢ.ኤም 10 ሜጋባይት ሀርድ ዲስክ ያለውን ፒሲ ኤክስቲ አወጣ። አብሮት የመጣው ፒሲ ዶስ 2.0 አንዱን ዲስክ እስከ 4 ቦታ መክፈል አስቻለ፤ የተለያዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እንዲጋሩት ማለት ነው። የክፍፍሉ መዝገብ የተቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 16፣ በጠቅላላው 64 ባይት ብቻ ይይዛል። ቅጂ አልነበረውም።

ይህ መዝገብ እንደ ወሰን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቢነቀል ማሳው የትም አይሄድም፤ የጠፋው የማን ማሳ ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚናገረው ነው። ደግነቱ ፓርቲሽኖቹ ራሳቸው መለያ አላቸው። የዊንዶውሱ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ መለያውን መጀመሪያው ላይ፣ ቅጂውን መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል። የሊኑክሱ ኤክስት4 ደግሞ ቅጂዎቹን በተለያየ ቦታ ይበትናል። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የሠራው ቴስትዲስክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እየቃኘ እነዚህን መለያዎች ይፈልግና መዝገቡን መልሶ ይጽፋል።

በኋላ የኢንቴል ኢ.ኤፍ.አይ ይዞት የመጣው ጂ.ፒ.ቲ የሚባለው አሠራር የ1983ቱን ጉድለት አረመ፤ መዝገቡን በዲስኩ መጀመሪያም በመጨረሻም ያኖራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የጠፋው መዝገቡ ብቻ ሲሆን ነው። በአሮጌዎቹ ፋይሎች ላይ አዲስ ከተጻፈ፣ ያ ቦታ ላይ የነበረው አይመለስም። ኤስ.ኤስ.ዲ ከሆነማ ፎርማት ማድረጉ ራሱ የቀድሞውን ዳታ ሊያስጠርግ ይችላል። ስለዚህ ስህተቱ እንደታወቀ ወዲያው ማቆም ነው። እንደገና መጫን አያስፈልግም፤ «እስኪ ልሞክር» ማለትም አያዋጣም። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነስታችሁ፣ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱና ፍለጋውን በቅጂው ላይ ጀምሩ። ቅጂው ቢበላሽ ሌላ ይቀዳል፤ ዋናው ግን አንድ ብቻ ነው።