ጎንበስ የሚለው ማን ነው?

አማርኛ የእንስሳትን ጥራጊ በስም ለመለየት አይሰስትም፡፡ የከብቱ እበት ነው፤ ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ኩበት ይባላል፡፡ የፈረሱና የአህያው ፋንድያ፣ የበጉና የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮው ኩስ ነው፡፡ ስሙ የወጣው በከንቱ አይደለም፡፡ በእበት ወለል ይለቀለቃል፣ አውድማ ይመረጋል፤ በኩበት እንጀራ ይጋገራል፤ ፋንድያውም በጠጡም ማሳ ያለማል፡፡ የውሻው ግን የራሱ ስም የለውም፡፡ ከሰው በተዋሰው፣ በጨዋ ጉባኤ በማይነሣው ቃል ይጠራል፤ ጨዋውም «ዓይነ ምድር» ብሎ ፊቱን አዙሮ ያልፋል፡፡ ለምንም የማይረባ ነገር ስም ምን ያደርግለታል የተባለ ይመስላል፡፡

ይሁንና ይህ ስም የለሽ ነገር ስም፣ ዋጋና ገበያ ያገኘበት ከተማ ነበር፡፡ ቆይቶም ሕግ የወጣለት ሌላ ከተማ መጣ፡፡ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ውሻው አይደለም፤ ሰው በእጁና በዚህ ነገር መካከል ስላስገባቸው መሣሪያዎች ነው፤ ስለ ጓንት፣ ስለ መዛቂያ፣ ስለ ሞተር ብስክሌት፣ በመጨረሻም ስለ ፌስታል፡፡ ነገሩ ያስቃል፡፡ ታሪኩን ስከታተል ግን አንድ የማያስቅ ጥያቄ ደጋግሞ መጣብኝ፤ ለማንሣት ጎንበስ የሚለው ማን ነው? (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

*

በ1851 ሄንሪ ሜይሂው የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የለንደንን ሠራተኞችና ድሆች ኑሮ የሚያትት ሥራውን በመጽሐፍ አወጣ፡፡ ሜይሂው ስለ ድሆች ከመጻፉ በፊት ድሆቹን አነጋግሯል፤ የነገሩትንም በራሳቸው አንደበት አስፍሯል፡፡ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የውሻ ዓይነ ምድር ከጎዳና እየለቀሙ በመሸጥ የሚተዳደሩ ሰዎች እናገኛለን፡፡ የሚለቅሙት ነገር በሙያው ቋንቋ «ፒዩር» ይባል ነበር፤ «ንጹሕ» ማለት ነው፡፡ ስላቅ እንዳይመስላችሁ፡፡ ስሙን ያገኘው ቆዳ ስለሚያጠራ ነው፡፡

ገዢዎቹ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ በርመንዚ በሚባለው ሰፈር የነበሩ ቆዳ ፋቂዎች ናቸው፡፡ ቆዳ ጠጉሩ እንዲለቅ በኖራ ውኃ ሲዘፈዘፍ ያብጣል፣ ይደርቃል፣ እንደ ሳንቃ ይገትራል፡፡ ይህን ግትርነት የሚያበርደው በሞቀ ውኃ የተበጠበጠ የውሻ ዓይነ ምድር ነበር፡፡ ምሥጢሩ ቆዳውን የሚያለሰልሱ ኢንዛይሞች መሆናቸው የታወቀው ኋላ ነው፤ ፋቂዎቹ ግን ውጤቱን በእጃቸው ያውቁት ነበር፡፡ በዚህ መንገድ የሚለፋው ደግሞ ተራው የጫማ ሶል አልነበረም፤ ለእመቤቶች ጓንት የሚሆነው የግልገል ቆዳና ለመጻሕፍት ልባስ የሚመረጠው ሞሮኮ የተባለው የፍየል ቆዳ ነበር፡፡ መጽሐፍ ወዳድ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ቢል አይጎዳም፡፡ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት፣ በመስታወት ቁም ሣጥን የተቀመጠው የዚያ ዘመን ጥራዝ በለጋነቱ የት እንዳለፈ አሁን አወቅን፡፡

ዋጋው እንደ ጥራቱ ይለያይ ነበር፤ አንድ ባልዲ ከ8 ፔንስ እስከ 1 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ ያወጣል፡፡ ደረቁና ኖራ የመሰለው ከሁሉ ይበልጥ ይፈለጋል፡፡ ገበያ ባለበት ማጭበርበር አይጠፋምና ከአሮጌ ግድግዳ የረገፈ ምርጊት ፈጭተው የሚቀላቅሉበት ነበሩ፡፡ ሜይሂው የለቃሚዎቹን ቁጥር ከ200 እስከ 240 ገምቶታል፡፡ ካነጋገራቸው መካከል ከ60 ዓመት ያለፈች፣ በወጣትነቷ ደህና ኑሮ የኖረች ሴት ትገኛለች፡፡ ድሃ ማደሪያ ተብሎ ከሚጠራው የመንግሥት ቤት ከመግባት ይልቅ ጎንበስ ብላ መልቀምን የመረጠች ናት፡፡

መሣሪያቸውስ? ክዳን ያለው ቅርጫትና ለቀኝ እጅ የሚሆን ጥቁር የቆዳ ጓንት፡፡ ብዙዎቹ ግን ጓንቱን ትተውት ነበር፤ ጓንት ንጹሕ አድርጎ ከመያዝ እጅን መታጠብ ይቀላል ብለው፡፡ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሁለት እጆች ጎን ለጎን ይታዩኛል፡፡ አንደኛው ባዶ እጅ ነው፤ ከጎዳናው ያነሣል፡፡ ሁለተኛው በስስ የግልገል ቆዳ የተሸፈነ የእመቤት እጅ ነው፡፡ ሁለተኛው እጅ ያማረው አንደኛው ስላነሣ ነው፤ አይተዋወቁም፡፡

ይህ ለእኛም እንግዳ ታሪክ አይደለም፡፡ በአገራችን «ፋቂ» የሚለው ቃል የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ከ«ቀጥቃጭ»ና ከ«ሸማኔ» ጋር እየተደረደረ፡፡ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፡፡ የዳዊቱን ማኅደር እየሳሙ ቆዳውን የፋቀውን መናቅ፣ በለንደንም በአንኮበርም ያው ነበር፡፡

*

የለንደኑን ገበያ የዘጋው ሕግ አይደለም፤ ኬሚስትሪ ነው፡፡ በ1907 ኦቶ ሮም የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከባልደረባው ከኦቶ ሃስ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፡፡ ኩባንያው ከታረዱ እንስሳት ቆሽት በተገኘ ኢንዛይም የተዘጋጀ «ኦሮፖን» የሚባል ማለስለሻ ለቆዳ ፋብሪካዎች አቀረበ፡፡ የሽታው ነገር አበቃ፤ የለቃሚዎቹም እንጀራ አብሮ አበቃ፡፡

በዚያው ዘመን አውቶሞቢል ፈረስን ከከተማ ያስወጣ ጀመር፡፡ ፈረስ በነበረበት ጎዳና የውሻው ነገር ከፋንድያው ክምር ሥር የሚጠፋ ኢምንት ነበር፡፡ ፋንድያው ሲነሣ የውሻው ብቻውን ጎልቶ ታየ፡፡ የሚገዛው የለም፣ የሚያነሣውም የለም፡፡ ስሙንም አጣ፤ ወደ ተራ ቆሻሻነት ተመለሰ፡፡

ኒው ዮርክ በ1930ዎቹ ያገኘችው መፍትሔ ጎንበስ ማለትን የማይጠይቅ ነበር፡፡ ውሻህን ከእግረኛው መንገድ አውርደህ ወደ ጎዳናው ጠርዝ ውሰደው የሚል ምልክት ተሰቀለ፡፡ የቀረውን ዝናብና የማዘጋጃ ቤቱ መጥረጊያ ይሠሩታል ተባለ፡፡ ከዚያ 1970ዎቹ መጡ፡፡ በ1975 ከተማይቱ ለኪሳራ ጥቂት ቀርቷት የጽዳት ሠራተኞቿን ጭምር ስታሰናብት፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ ተብለው የሚገመቱት ውሾች ግን እንደ ወትሮው በቀን ሁለት ጊዜ ይወጡ ነበር፡፡

ክርክሩ የከረረው በጫማ ምክንያት ብቻ አይደለም፡፡ በ1952 ፖል ቢቨር የተባሉ አሜሪካዊ የጥገኛ ትላትል ሊቅና ባልደረቦቻቸው በሕፃናት ሰውነት ውስጥ የሚንከራተት አንድ እጭ ከውሻ ወስፋት የሚመጣ መሆኑን አሳውቀው ነበር፡፡ ቶክሶካራ ይባላል፡፡ ሕፃን አፈር የነካ እጁን ወደ አፉ ሲያደርስ እንቁላሉ ይገባል፤ እጩ ከዓይን ከደረሰ ብርሃን እስከ መንሣት ይደርሳል፡፡ ፍራን ሊ የተባለች ተዋናይትና የሸማቾች መብት ተሟጋች ይህን ይዛ ተነሣች፤ «ከውሾች በፊት ልጆች» የሚል ቡድንም መሠረተች፡፡ የውሻ ባለቤቶች ክፉኛ ተቆጧት፤ በአንድ ስብሰባ ላይ የተከራከሩበትን ነገር ራሱን ወርውረውባታል፡፡

በሌላው ወገን የቆሙትም ሁሉ ግድ የለሾች አልነበሩም፡፡ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ እንዴት ጎንበስ ይበል? ብቸኛ ጓደኛዋ ውሻዋ የሆነች አሮጊት ሕጉን ፈርታ ብትጥለውስ? እነዚህ ቀላል ጥያቄዎች አልነበሩም፡፡ ከነዚህ ሥር ግን ያልተነገረ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ የተከበረ ሰው በአደባባይ፣ ሰው እያየው፣ የውሻ ዓይነ ምድር ያነሣል ወይ?

የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን በ1977 አወጣ፤ አገረ ገዢው ሂው ኬሪ ፈረሙበት፡፡ ኤድ ኮች ከንቲባ በሆኑበት ዓመት፣ ነሐሴ መጀመሪያ በሚባለው የእነርሱ ኦገስት 1 ቀን 1978፣ ከ400,000 ሕዝብ በላይ ባላቸው ከተሞች በሥራ ላይ ዋለ፡፡ የውሻ ባለቤት ውሻው የጣለውን ማንሣት አለበት፤ ካላነሣ በዚያን ጊዜ እስከ 100 ዶላር ይቀጣ ነበር፡፡ በውሻ የሚመሩ ዓይነ ስውራን ነፃ ናቸው፡፡ ሕጉ ያነሣል አለ እንጂ በምን ያነሣል አላለም፡፡

*

ሱቆቹ ፈጥነው ለዚህ መልስ ሰጡ፡፡ እጀታው ረጅም፣ አፉ እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚከደን መዛቂያ፤ ከካርቶን የተቆረጠና ተጥሎ የሚቀር ትንሽ አካፋ፤ ጫፉ ላይ ከረጢት የሚሰካበት ዘንግ፡፡ ሁሉም የተሠሩት ለአንድ ዓላማ ነበር፤ ሰውዬው ጎንበስ ሳይል፣ ሙቀቱ ሳይሰማው እንዲያነሣ፡፡ ብዙው ሕዝብ ግን አሮጌ ጋዜጣ ይዞ ወጣ፡፡

ኋላ ድል ያደረገው ለዚህ ሥራ ያልታሰበ ነገር ነው፡፡ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ለሴሎፕላስት ኩባንያ የሠራው፣ በ1965 የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው ባለ ማንጠልጠያ ስስ ፌስታል ነበር፡፡ ይህ ፌስታል በአሜሪካ የምግብ ሱቆች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተሰራጨ፡፡ አጠቃቀሙን ሁላችንም አይተናል፤ እጅ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጓንት ይሆናል፤ ያነሣል፣ ይገለበጣል፣ ይቋጠራል፡፡ ረጅሙ እጀታ ተረሳ፡፡ ሰው በመካከሉ ከወረቀት የሳሳ ነገር ብቻ አድርጎ እንደገና በእጁ ማንሣት ጀመረ፤ እንደ ለንደኗ አሮጊት፡፡

የሳይንሱም ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል፡፡ የቶክሶካራ እንቁላል በወደቀበት ሰዓት በሽታ አያሲዝም፡፡ ለዚያ የሚበቃው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል በአፈር ከቆየ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለወራት፣ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል፡፡ ስለዚህ ትኩሱን የሚያነሣ ሰው ብዙ አይሰጋም፤ የሚሰጋው ባልተነሣበት ሣር ላይ ከወር በኋላ የሚጫወተው ሕፃን ነው፡፡ አንዱ የናቀው ድካም ለማያውቀው ልጅ ዕዳ ሆኖ ይቆየዋል፡፡

ፓሪስ ሌላ መንገድ ሞከረች፡፡ ዣክ ሺራክ ከንቲባ በነበሩበት በ1982 የሚመጥጥ ማሽን የተጫነባቸው ሞተር ብስክሌቶች ተሠማሩ፤ ሕዝቡም በቀልድ «ሞቶክሮት» አላቸው፡፡ ጎንበስ የሚል የለም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላል፣ ሞተሩ ይመጥጣል፡፡ ብልሃቱ ዘመናዊ ነበር፤ ወጪው ግን ብዙ፣ የሚያነሣውም ከጠቅላላው ጥቂቱን ሆነ፡፡ ከሁሉ የከፋው ለባለ ውሻው ያስተማረው ትምህርት ነው፤ አንተ እለፍ፣ ሌላ ከኋላህ ይመጣል የሚል፡፡ ሞተሮቹ በ2004 ቆሙ፤ ፓሪስም ወደ ቅጣቱና ወደ ፌስታሉ ዞረች፡፡

የኒው ዮርኩ ሕግ ሲወጣ ማን ይታዘዘዋል ያሉ ብዙዎች ነበሩ፡፡ ተቆጣጣሪ በየማዕዘኑ ማቆም አይቻልም፡፡ ሥራውን የሠራው የጎረቤት ዓይን ነው፡፡ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ያለማንሣቱ ታየበት፤ ሀፍረቱ ቦታ ለወጠ፡፡ ትናንት ማንሣት ያሳፍር ነበር፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ጥሎ መሄድ አሳፈረ፡፡ ከሁሉ መሣሪያ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፡፡ ሀፍረት ያልበቃባቸው ከተሞች ደግሞ ወደ ዘር ቅንጣት ምርመራ ሄደዋል፤ የእስራኤሏ ፔታ ቲክቫ በ2008 የውሾችን ዲ.ኤን.ኤ. መዝግባ ያልተነሣውን ከባለቤቱ ማገናኘት ሞክራለች፡፡

ነገሩን ግን አላስጊጠውም፡፡ ሀብታሙ ለውሻው አንሸርሻሪ ስለሚቀጥር በብዙ ጎዳና ዛሬም ጎንበስ የሚለው ገንዘብ የሚፈልገው ነው፡፡ ፌስታሉም አይበሰብስም፤ ከጊዜ በኋላ አፈር ሊሆን የሚችለውን ነገር ለልጅ ልጅ አሽገን አስቀመጥነው፡፡

*

አሜሪካ እንደገባሁ ሰሞን አንድ ከረቫት ያሰረ ሰው ከትንሽ ውሻ ኋላ ሲያጎነብስ አይቼ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር፡፡ ጌታው ማን ነው፣ ሎሌውስ ማን ነው? አልሁ፡፡ ዛሬ አልስቅም፡፡ ያ ሰው ለውሻው አልነበረም ያጎነበሰው፤ ከእርሱ በኋላ ለሚያልፍ፣ ለማያውቀው ለእኔ ነበር፡፡

በአዲስ አበባ ይህን ሕግ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ ከውሾቻችን ብዙዎቹ ጌታ የላቸውም፣ የሚቀጣ ባለቤትም አይገኝም፡፡ ግን ማንም አያነሣም ማለት አይደለም፡፡ ገና ጎሕ ሲቀድ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ መጥረጊያ ይዘው መንገዱን የሚጠርጉ እናቶች አሉ፡፡ እኛ ከቤታችን ስንወጣ እነርሱ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ስለዚህ መንገዱ በራሱ ንጹሕ የሆነ ይመስለናል፡፡

የሜይሂው ለንደን የምታስታውሰኝ በዚህ ነው፡፡ ጎንበስ የሚለው ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር፡፡ መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ በማለዳ ተነሥቼ ስላላየሁት ነው፡፡